የይርሳው ገመድ

ከባሕር ዳር በጀልባ ቦርሳዬን አቅፌ፣
ሥዕላዊ መግለጫውን ከርጭቱ አትርፌ፣
መጣሁ ከሾላው ሥር፣ ከጣና ዳር ቀዬ፣
ስለ ወር አበባ ላስተምራቸው ብዬ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጥለው፣
ወንዶቹ ራቅ ብለው ታንኳ ተደግፈው፣
«ስለ ማዳበሪያ ነው» ተብለው የመጡ፣
ገና ቃሉን ስጠራ ብድግ ብለው ወጡ።
አንዱ ሲሄድ ሰማሁት፦ «ምን ዘመን ደረስን፣
የጓዳውን ነገር በአደባባይ ዘረገፉብን!»

«ግዳጅ» ይሉታል እንጂ፣ ወይም «አደፍ» ብለው፣
አበባ ብሎ ስም ያወጣለትስ ማን ነው?
ማንም ያላሸተተው፣ ማንም ያልቀጠፈው፣
በየወሩ መጥቶ በጓሮ የሚያልፈው።

አልኳቸው፦ «ጨርቁ ከሳሙና አይራቅ፣
ፀሐይ ላይ ይዋል እንጂ ከፍራሽ ሥር አይደበቅ፤
በአራት በአምስት ሰዓት፣ ቢበዛ፣ ይቀየር፤
እርጥቡን አትልበስ፤ አንዲትም ልጅ አትፈር።»

ዝም።
ሻላ በላያችን አለፈ። ሕፃን አለቀሰ።
ጥያቄ አልኩ። ዝም። ደግሜ ጥያቄ አልኩ።
መግለጫውን ነፋስ ገለበጠው፤ መልሼ ያዝኩ።

ታንኳ ሠሪው ይርሳው፣ ከወንዶቹ የቀረው
(መቅረቱም ለትምህርቱ አልነበረም፤ ያልጨረሰው
የደንገል እስር ከጉልበቱ ሥር ስላለ)፣
ቀና ሳይል፣ ልጡን በጥርሱ እየሳበ፣ እንዲህ አለ፦

«ታንኳም እኮ እንዲሁ ነው። ውሃ ይጠጣል።
አውጥተህ ፀሐይ ላይ ካላቆምከው ይከብዳል፤
ሲሰነብት ይሸታል፣ ሲቆይ ይበሰብሳል።
ጥፋቱ የውሃው አይደለም፣ የጥላው ነው።
አባቴ ይህን ሥራ ሲያስተምረኝ
ታንኳህን ደብቀህ አድርቅ አላለኝ።»

ማንም አልሳቀም።
ሚስቱ ውዴ ፊቷን በነጠላ ጫፍ ሸፈነች፤
ከጎኗ ያለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አለች፦
«እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ስንቆም ሰው ሁሉ ያውቃል፤
ጨርቁ ሲሰጣ ነው ታዲያ ነውር የሚባል?»

በሳምንት በሁለት ሳምንቱ ስመለስ፣
ጀልባችን ገና ከዳር ሳይደርስ፣
አየሁት፦ የደንገል ገመድ፣ ጌሾው ላይ ታስሮ፣
እስከ ዘይቱኑ ድረስ እንደ ክራር ተወጥሮ፤
ሦስት ቁራጭ ጨርቅ፣ አንዱ ዳሩ ሰማያዊ፣
ከይርሳው ጋቢ ጎን።

የጎረቤት ሴት አጥሩን ስታልፍ ፊቷን አዞረች።
ውዴ፣ ኋላ እንደሰማሁ፣ ሁለት ጊዜ ፈትታዋለች፤
ሁለት ጊዜ መልሶ አስሮታል። በሦስተኛው ተወች።

ልጃቸው ትርንጎ ሰባተኛ ክፍል ናት፤
በወር አራት ቀን መቅረት ልማድ ሆኖባት፣
መምህሩ ስሟን ሲጠራ «ታማለች» የሚባልላት።
በዚህ ወር ሁለት ቀን ቀረች።
አራት አይደለም፣ ሁለት።
የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር የለውም፤
ያንን ደግሞ የይርሳው ገመድ አይዘጋውም።
ይህን በሪፖርቴ ጻፍኩ። መልስ አልመጣልኝም።

የቀረውን ግን አልጻፍኩም።

ባሕር ዳር፣ ከኪራይ ቤቴ ግቢ ሽቦ አለ፣
የተከራይ ሁሉ ልብስ ተሰጥቶበት የዋለ፤
እኔ፣ አስተማሪዋ፣ የራሴን ጨርቅ
ከፎጣ ሥር ነበር የማሰጣው፣ ማንም እንዳያውቅ።
እጥፍ አድርጌ፣ በሁለት መቆንጠጫ ይዤ፣
ከእርጥብ ፎጣ በታች፣ እርጥብ እንደሆነ፣ ለቅሜ አስገብቼ።
ስንት ዓመት? አልቆጠርኩም።

ትናንት ጧት ፎጣውን አነሣሁ።
እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ አልዋሽም።
አከራዬ በር ላይ ሆነው አዩኝ፤
ጨርቁን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፤ ቆየት ብለው
«ዛሬ ፀሐዩ ጠንከር ይላል» አሉኝ።